ድንበር ያሻገረኝ ደብዳቤ ለምን የሥራ ልምድ ሆኖ አልተቆጠረም?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ እጄ ሲገባ ከፊት ገጹ ዜና አስቀድመው የሥራ ማስታወቂያውን ከሚገልጡ አንባቢዎች አንዱ ነኝ፤ እንዲህ ማድረግ ከጀመርሁም ዓመት አልፎኛል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ከእነዚያ ማስታወቂያዎች ግርጌ፣ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል፣ የማትጠፋ አንዲት መስመር ናት። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ የተገኘ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ ካልቀረበ ተቀባይነት የለውም ትላለች። ለአብዛኛው አመልካች ይህች መስመር የአንድ ቀን ጉዳይ ናት፤ ወደ ቀድሞ አሠሪው ጎራ ብሎ ደብዳቤ አጽፎ ይመለሳል። በውጭ አገር በበጎ ፈቃደኝነት አገልግሎ ለተመለሰ ሰው ግን የተዘጋ በር ናት። ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው ግብር የከፈለበትን ወረቀት ከየት ያመጣል?

በሙያዬ የውኃ አቅርቦት መሐንዲስ ነኝ። አርባ ምንጭ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ በአንዲት የክልል ከተማ የመጠጥ ውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ለሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሠርቻለሁ። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በአንድ ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብር ተመርጬ ወደ ማላዊ ለመሄድ ስነሣ፣ ያለ ደመወዝ የአንድ ዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ ጠይቄ ነበር። ለትምህርት ካልሆነ በቀር «ለእንዲህ ያለ ነገር» የሚሰጥ ፈቃድ እንደሌለ በቃል ተነገረኝና መልቀቂያ አስገብቼ፣ ክሊራንስ ጨርሼ ወጣሁ። በገዛ ፈቃዴ ያደረግሁት ስለሆነ በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ የምጠቅሰው ኋላ ለሚመጣው ሒሳብ ስለሚያስፈልግ ነው።

ማላዊ በዚያ ወቅት በታሪኳ ከባድ ከተባለው የኮሌራ ወረርሽኝ ጋር ትታገል ነበር። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ የጀመረው ወረርሽኝ እስኪበርድ ድረስ ወደ 59 ሺሕ የሚጠጉ ሰዎችን አሟል፤ ከ1,700 በላይ የሚሆኑትንም ገድሏል። የተመደብሁት በአገሪቱ የንግድ ከተማ በብላንታየር ነበር። ከተማዋ ውኃዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከታች ከቆላው ከሚፈሰው ከሽሬ ወንዝ በፓምፕ ሽቅብ ተገፍቶ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ውኃም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሕዝቡ ወደ ጉድጓዱና ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ኮሌራውም የሚጠብቀው እዚያው ነው።

የእኔ ሥራ በወረቀት ላይ ትልቅ ስም ቢኖረውም፣ በተግባር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከጉድጓድ አፍ ላይ መቆም ነበር። አሥራ አምስት ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ኤች.ቲ.ኤች የሚባለውን የክሎሪን ዱቄት በአንድ ሊትር ውኃ እንበጠብጣለን፤ ከዚያም ጄሪካን ይዛ ለቆመችው ሴት ሁሉ በሲሪንጅ አራት ሚሊ ሊትር እየለካን እንጨምርላታለን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከውኃው በትንሿ የመለኪያ ቱቦ ቀድቼ የምርመራዋን እንክብል ስጨምርበት፣ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ካደላ በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም ክሎሪን ተርፏል፣ ቤተሰቡ ዛሬ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ውኃው እንደ ነበረ ነጭ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ከእንደገና ነው። አንዲት እናት ሽታውን ጠልተው ጄሪካናቸውን ከሰልፉ ሊያወጡ ሲሉ፣ በአገሬም «ውኃ አጋር» የሚባል ጠርሙስ እንዳለና እናቴም መጀመሪያ ላይ ሽታውን እንደ እርሳቸው ትጠላው እንደነበር በተሰባበረ ቺቼዋ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አስረድቻቸው፣ ስቀው ጄሪካናቸውን መልሰው አስቀመጡ። ይህ ዓይነቱ ሥራ በየትኛው የሥራ መደብ መጠሪያ እንደሚጻፍ አላውቅም፤ ሥራ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፍሬዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ከአምስት ሳምንት በላይ የሕንድ ውቅያኖስን ሲያካልል ከቆየ በኋላ ደቡብ ማላዊ ላይ ዝናቡን አወረደ። ብላንታየር ውስጥ ቺሎብዌ በሚባለው ሰፈር ከተራራው የተናደው ጭቃና ቋጥኝ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። እኛም ከጉድጓድ አፍ ወደ መጠለያ ትምህርት ቤቶች ተዛወርን፤ የውኃ ሮቶ መትከል፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ በቦቴ የመጣውን ውኃ መለካት ሥራዬ ሆነ። በዚያ አንድ ወር ውስጥ የተማርሁት፣ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ በሦስት ዓመት ከተማርሁት ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠኝ የመኖሪያ አበል እንጂ ደመወዝ አልነበረም። አበሉ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ይሸፍናል፤ እርሱም ቢሆን በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የማላዊ መንግሥት የአገሪቱን ገንዘብ የኳቻን የምንዛሪ ተመን ለአንድ ዶላር ከ1,180 ገደማ ወደ 1,700 ባወረደው ጊዜ በአንድ ሌሊት ሳስቶ ነበር። ከመጨረሻው ክፍያ የተረፈችኝን ጥቂት ዶላር ደግሞ አዲስ አበባ እንደገባሁ በባንክ መነዘርኋት፤ ብር በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ከዚያ በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚህ ረገድ ዕድለኛ ሰው አይደለሁም።

አገልግሎቴን ስጨርስ የመመለሻ ጉዞ ገንዘብ በእጄ ስለተሰጠኝ በአውሮፕላን ፈንታ በአውቶቡስ ለመመለስ ቆረጥሁ። አሳቤ ሁለት ነበር፤ አንደኛው በልጅነቴ በካርታ ብቻ የማውቀውን አገር ማየት፣ ሁለተኛው በዳሬሰላምና በናይሮቢ በኩል ሳልፍ ሥራ መጠየቅ። ከብላንታየር ወደ ሊሎንግዌ፣ ከዚያ ወደ ምዙዙና ካሮንጋ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ምቤያና ዳሬሰላም፣ ከዚያም በናይሮቢና በማርሳቢት አድርጎ እስከ ሞያሌ የሚዘልቀው ይህ መንገድ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ በስውር የሚጓዙበት መንገድ ነው፤ እነርሱ ወደ ታች ሲወርዱ እኔ ወደ ላይ እወጣ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ተነሥቶ ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በተያዘ ኮንቴነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። እኔ ማላዊ ከመድረሴ ሦስት ወር አስቀድሞም ምዚምባ በሚባለው አውራጃ ጫካ ውስጥ የ25 ሰዎች አስከሬን ያለበት የጅምላ መቃብር ተገኝቶ፣ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንደማይቀር ተነግሮ ነበር። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ወንድ ልጅ በመጀመሪያ ዕይታ ምን ተብሎ እንደሚገመት አንባቢ አያጣውም።

ማላዊና ታንዛኒያ በሚዋሰኑበት በሶንግዌ ድንበር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ፓስፖርቴን ገልጦ ፊቴን አየ፤ ከዚያ ፓስፖርቴን ይዞ ወደ ውስጥ ገባና አንድ ሰዓት ያህል አስቆመኝ። ሲመለስ ከማን ጋር እንደመጣሁና ደላላው የት እንደቀረ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ከሻንጣዬ ያወጣሁት የአገልግሎት ማረጋገጫ ደብዳቤዬን ነበር፤ የተመደብሁበት የጤና ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት፣ የገባሁበትና የወጣሁበት ቀን፣ የሠራሁባቸው ሰፈሮች ስም በዝርዝር የተጻፈበት ደብዳቤ ነው። ሰውየው እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ የእኅቱ ልጅ በዚያ ዓመት በኮሌራ ታማ እንደዳነች ነገረኝና ፓስፖርቴን መትቶ «ዚኮሞ» አለኝ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ወረቀቱ ለካ ዋጋ አለው ብዬ ሻንጣዬ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪሴ ውስጥ አስገባሁት።

ዳሬሰላም ላይ ሥራ አልቀናኝም። ናይሮቢ ግን አንድ የውኃ ጉዳይ አማካሪ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ጠያቂዎቹ አርባ ደቂቃ ሙሉ ያነጋገሩኝ ስለዚያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ የደፈረሰ ውኃ ሲገጥምህ መጠኑን እንዴት ታስተካክላለህ፣ ክሎሪኑ ቢያልቅ ምን ታደርግ ነበር፣ ሕዝቡ አልጠጣም ቢል እንዴት ታሳምናለህ እያሉ። በመጨረሻ የሥራ ፈቃዱ ወጪና ጊዜ አልተመቻቸውምና ሳይሆን ቀረ። ቢሆንም ከዚያ ክፍል ስወጣ የሠራሁት ሥራ ሥራ ተብሎ ተቆጥሮልኝ ነበር፤ ሞያሌን በየካቲት አጋማሽ ስሻገርም በዚሁ መንፈስ ነው የተሻገርሁት።

አዲስ አበባ ላይ የጠበቀኝ ሌላ ነው። ለሙያዬ የተስማማው ማስታወቂያ የአራት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ከላይ ሒሳቡን ያስቀመጥሁት ለዚህ ነበር፤ ከመሄዴ በፊት የሠራሁት ሦስት ዓመት ከሁለት ወር፣ ማላዊ ያገለገልሁት አንድ ዓመት ከአንድ ወር፣ ሲደመር አራት ዓመት ከሦስት ወር ይሆናል። ፎቶ ኮፒውን ከዋናው ጋር ይዤ የምዝገባውን ወረፋ ጠብቄ ገባሁ። የሰው ሀብት ባለሙያዋ ትሑት ሴት ናቸው፤ ደብዳቤውን ገልብጠው አዩና «ልጄ፣ ግብር የተከፈለበት ደብዳቤስ?» አሉኝ። አበል እንጂ ደመወዝ እንዳልነበረ አስረዳኋቸው። «እንግዲያ ሥራ አይደለማ፤ እኔ ብመዘግብህ ኦዲተር ይጠይቀኛል» ብለው ከልባቸው አዝነው መለሱልኝ። በቅጹ ላይ ከጥር 2015 እስከ የካቲት 2016 ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ። በሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ በቃለ መጠይቁ ላይ ያንን ባዶ ቦታ እየጠቆሙ በዚያ ጊዜ ሥራ ፈትቼ እንደነበር ጠይቀውኛል።

ይህ መመዘኛ ያለ ምክንያት የመጣ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሐሰተኛ የሥራ ልምድ ማስረጃ በገንዘብ እንደሚጻፍ ሁላችንም የምንሰማው ነው፤ ማኅተም ማስቀረጽም ከባድ ነገር አይደለም። ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ ማስመጣት ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን የሚያውቅበት አቋራጭ መንገድ ነው፤ ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ገቢዎች፣ ስለሚመሰክር። ስሕተቱ ያለው፣ የማረጋገጫው ዘዴ የልምዱ ትርጉም ተደርጎ በመወሰዱ ነው። ግብር የሚያረጋግጠው ደመወዝ መከፈሉን ነው። ሰውየው መሥራቱንና ማወቁን የሚያረጋግጥ ሌላ ነገር ቢቀርብስ የሚል ጥያቄ በየትኛውም መስኮት አልገጠመኝም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲለቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነትና የአገልግሎቱን ዘመን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ ነገር ግን በአዋጁ ዓይን ሠራተኛ የሚባለው በደመወዝ የተቀጠረ ሰው ስለሆነ፣ በጎ ፈቃደኛው በዚህም በኩል የሚጠጋበት ጥላ የለውም።

እንደ ባለሙያ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ነገር ግን የራሴ ዕድል አይደለም። እኔ ብላንታየር ሳልደርስ፣ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም.፣ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ኮሌራ ተቀስቅሶ ወደ ሌሎች ዞኖችና ክልሎች ተዛምቶ ነበር፤ እኔ በሞያሌ በኩል ስገባም አልጠፋም። በጉድጓድ አፍ ላይ ክሎሪን መለካት የሚችል፣ መጠለያ ውስጥ የውኃ ነጥብ ያቋቋመ ሰው በዚያው ሰሞን «ልምድህ አይያዝም» ተብሎ ከምዝገባ መስኮት ይመለስ ነበር። እንደ እኔ ያሉ ነርሶች፣ አዋላጆችና መምህራንም ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ተመልሰዋል፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ተገናኝቼ ተነጋግሬአለሁ፤ ታሪካቸው ከእኔ በዝርዝሩ ይለያል እንጂ በመስኮቱ አይለይም።

አገራችን ለዚህ ነገር እንግዳ ብትሆን ኖሮ አይገርመኝም ነበር። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ነበር፤ «የፒስ ኮር አስተማሪ» ያስተማራቸው አዛውንት ዛሬም አሉ። እነዚያ ወጣቶች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያለ ተራ ውድድር ሊቀጥሯቸው የሚችሉበት የጊዜ ገደብ ያለው መብት ተሰጥቷቸዋል፤ መብቱ ለተከታዮቻቸውም ቀጥሏል። የእኛው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየላከ፣ አብዛኞቹን በማስተማር ያሰማራ ነበር፤ «ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» ያልፈጸመ ዲግሪውን አይወስድም። ያ ግዴታ እንጂ በጎ ፈቃድ እንዳልነበረ አልዘነጋሁም። ሆኖም የአገልግሎት ዓመት የሙያ ዕውቀት አካል ነው የሚለውን አሳብ ከስድሳ ዓመት በፊት ተቀብለነው ነበር ለማለት ነው። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድም እ.ኤ.አ. በ2010 ከተቋቋመ ወዲህ ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸውን አፍሪካውያን ከአገራቸው ውጭ ወዳሉ የአህጉሩ አገሮች ሲልክ፣ የሚመራው ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው። በራሳችን ከተማ ከሚገኝ ጽሕፈት ቤት የወጣ የአገልግሎት ማረጋገጫ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ የቅጥር መስኮት ላይ የማይታወቅ ከሆነ ነገሩ ያሳፍራል። በየዓመቱ ኅዳር መጨረሻ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ሲከበር ንግግር የሚያደርጉ ባለሥልጣናት ይህንን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

የምጠይቀው የተለየ ጥቅም አይደለም፤ ፈተናው ላይ እኩል ልቀመጥ ነው የምለው። የፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንና የክልል ቢሮዎች የግብር ማስረጃው ግዴታ ደመወዝ ለተከፈለበት ሥራ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ቢጽፉ፣ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት ደግሞ የምደባ ውሉ፣ የአገልግሎት ማረጋገጫውና የላከው ድርጅት ማረጋገጫ ተሟልቶ ሲቀርብ እንዲያዝ ቢያዝዙ፣ ያቺ ትሑት ባለሙያ ኦዲተር ሲመጣባቸው የሚያሳዩት ወረቀት ይኖራቸዋል። ማጭበርበር ቢፈራ፣ ለላከው ድርጅት በኢሜይል ጽፎ መጠየቅ ከግብር ደብዳቤ የሚበልጥ ድካም የለውም። ያለ ደመወዝ ፈቃድም ለትምህርት እንደሚሰጠው ሁሉ ለተረጋገጠ አገልግሎት ቢሰጥ፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ያሠለጠኑትን ሰው ባላጡት፤ እኔ ራሴ ፈቃዱን አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከቀድሞ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ፣ ምናልባትም ጨርሶ ሳልጽፈው ነበር።

ሊሄዱ ለተዘጋጁ ወጣቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔ ሳልነቃ የቀረሁበት ስለሆነ። የምስክር ወረቀት በሚል ስም በቀለምና በጌጥ የሚሰጠው ወረቀት ግድግዳ ላይ ከመስቀል በቀር አይረባም። የሚጠቅማችሁ የሥራ መደባችሁ፣ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ቀን፣ በሳምንት የሠራችሁት ሰዓትና ዋና ዋና ተግባራችሁ የተዘረዘረበት፣ የኃላፊው ስምና ፊርማ ያለበት ተራ ደብዳቤ ነው። እርሱንም በዚያው አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና ጉዳያችንን በሚይዘው ኤምባሲያችን ሳታስመቱ አትውጡ። እኔ ይህን ያወቅሁት ከተመለስሁ በኋላ በመሆኑ፣ ደብዳቤዬ በሰው እጅ ወደ ማላዊ ተመልሶ ማኅተም እስኪያገኝ አምስት ወር ፈጅቷል። መኖሪያ አበል መሆኑንና ከግብር ነፃ የሆነበትን ምክንያት የሚገልጽ አንድ መስመር አክሉበት ብላችሁም ጠይቁ፤ ዛሬ ላይረዳችሁ ይችላል፤ ደንቡ የተስተካከለ ዕለት ግን ያስፈልጋችኋል።

አሁን በአንድ የግል የጉድጓድ ቁፋሮ ተቋራጭ ዘንድ በኮንትራት እሠራለሁ። ግብሬ በየወሩ ስለሚቆረጥ የጎደለችኝን አሥር ወር በዚህ እየሞላሁ ነው፤ ለመጨረስም ሁለት ወር ቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያ መጀመሪያ የመለሰኝ መሥሪያ ቤት ያንኑ የሥራ መደብ ለሦስተኛ ጊዜ በጋዜጣችሁ አወጣው፤ በቂ ተወዳዳሪ ባለመገኘቱ በድጋሚ የወጣ መሆኑም ከርእሱ ሥር ተጽፏል። ምዝገባው ለአሥር ተከታታይ የሥራ ቀናት ይቆያል፤ ስድስቱ አልፈዋል። የማላዊውን ደብዳቤ ይዤ ልሂድ ወይስ ሁለት ወር ልጠብቅ የሚለውን፣ የሚመለከተው አካል በቀሩት አራት ቀናት ውስጥ በዚሁ ጋዜጣ ቢመልስልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የውኃ መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)